የቀለጠ ሰም ሙቀት ያኖራል፤ ፈተናው መልሶ ማርጋቱ ነው

ጧፍ ለመሥራት ሰም ሲያቀልጥ የኖረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ድስቱ ተጥዷል፣ እሳቱ ሙቀት መስጠቱን አላቋረጠም፤ ሰሙ ግን እየተማሰለ ያልቀለጠ ጉርድ እስካለበት ድረስ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቆሞ ይቆያል። ሽቅብ መሄድ የሚጀምረው የመጨረሻዋ ጉርድ ከሟሟች በኋላ ነው። እስከዚያ የገባው ሙቀት የት ደረሰ?

አልጠፋም። ጠጣሩን ፈሳሽ ለማድረግ ዋለ። ሰሙ ሲረጋ ያንኑ ሙቀት፣ እዚያው ዲግሪ ላይ ቆሞ፣ መልሶ ያወጣዋል። ይህን ጠባይ ተጠቅሞ ሙቀትን ለሌላ ሰዓት ማኖር ይቻላል። ለዚህ የሚውለውን ነገር ባለሙያዎች ፌዝ ቼንጅ ማቴሪያል ይሉታል፤ እዚህ ቀልጦ የሚረጋ ቁስ፣ ባጭሩም ቁሱ እንለዋለን። የምናወራው ከ100 ዲግሪ በታች ስላለው ዝቅተኛ ሙቀት ነው፦ ስለ ገላ መታጠቢያ ውሃ፣ ስለ ቤት ማሞቂያ፣ ስለ ክትባት ሳጥን።

ነገሩ የሚያስፈልገው ሰዓትና ሰዓት ስለማይገጥም ነው። ፀሐይ አብዝታ የምትሰጠው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሙቅ ውሃ የሚናፈቀው ብርዱ በሚጠናበት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መብራትም የሚኖርበት ሰዓትና እኛ የምንፈልገው ሰዓት ብዙ ጊዜ ይተላለፋሉ።

ድብቅ ሙቀት ምንድን ነው?

አንድ ነገር ውስጥ የሚገባ ሙቀት በሁለት መልክ ይቀመጣል። አንዱ በቴርሞሜትር የሚታየው ነው፤ ውሃ ጥደን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ የምናየው። ሌላው ነገሩ ሲቀልጥ የሚገባውና ሲረጋ የሚወጣው ነው፤ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ይሄኛው ድብቅ ሙቀት ይባላል። የሚታየው ሙቀት ኪስ ውስጥ እንዳለ ብር ነው፤ ድብቁ ዕቁብ እንደተጣለ ብር ነው። ዕቁብ የተጣለው ኪስ ቢዳሰስ አይገኝም፤ ግን አለ፣ ዕጣው ሲወጣ ተጠራቅሞ ይመጣል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጠጣር ነገር ውስጥ ቅንጣቶቹ ተያይዘው በረድፍ ተቀምጠዋል። ለማቅለጥ ያንን መያያዝ ማላላት ያስፈልጋል፤ የገባው ሙቀት በሙሉ ለዚህ ስለሚውል ቅንጣቶቹን አብልጦ ለማንቀጥቀጥ፣ ማለትም ዲግሪውን ከፍ ለማድረግ፣ የሚተርፍ የለም። ሲረጋ ቅንጣቶቹ ተመልሰው ይያያዛሉ፤ ያ ሙቀትም ይለቀቃል።

መጠኑ ብዙ ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ዜሮ ዲግሪ ውሃ እስኪሆን 334 ኪሎጁል ይፈልጋል። በዚያው ሙቀት አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ሊሞቅ ይችል ነበር። ለማነጻጸር፣ ቆጣሪ ላይ የምናውቀው አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600 ኪሎጁል ነው። ተራ የሻማ ሰም፣ ማለትም ፓራፊን፣ ሲቀልጥ በኪሎ 200 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል። ሶዲየም አሲቴት ትራይሃይድሬት የሚባለው፣ ውሃ በክሪስታሉ ውስጥ የተሸከመ ጨው፣ 58 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ 250 ገደማ ይይዛል። ስሙ ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ የአሲቴት ጨው እንበለው።

ታዲያ ከውሃ በርሜል ይሻላል?

መልሱ ሙቀቱን ከስንት እስከ ስንት ዲግሪ እንደምትጠቀሙበት ይወሰናል። ብዙ ማስታወቂያ ሰውን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሒሳቡን ቀስ ብሎ ማየት ይበጃል።

ውሃ በአንድ ኪሎ፣ በአንድ ዲግሪ 4.18 ኪሎጁል ይይዛል። ሥራችሁ የሚጠቀመው ከ60 ወደ 50 ዲግሪ ሲወርድ የሚወጣውን ሙቀት ብቻ ከሆነ፣ አንድ ሊትር ውሃ የሚሰጠው 42 ኪሎጁል ነው። በዚያው ክልል አንድ ሊትር የቀለጠ ፓራፊን 170 ገደማ ይሰጣል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። አንድ ሊትር የአሲቴት ጨው ደግሞ 350 ገደማ፤ ስምንት እጥፍ። ማስታወቂያው የሚጠቅሰው ይህን ነው፤ ሐሰት አይደለም።

አሁን ክልሉን እናስፋው። ከ60 እስከ 20 ዲግሪ ድረስ ያለውን በሙሉ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ሊትር ውሃ 167 ኪሎጁል ይሰጣል፤ አንድ ሊትር ፓራፊን 220 ገደማ ብቻ። ስምንት እጥፍ ይሰጥ የነበረው የአሲቴት ጨው እንኳ ወደ 470፣ ሦስት እጥፍ ወደማይሞላ ይወርዳል። ድብቁ ሙቀት የሚገኘው አንድ ጊዜ፣ በመቅለጫው ዲግሪ ላይ ነው፤ ክልሉ በሰፋ ቁጥር ውሃም የራሱን እያከማቸ ይደርስበታል።

በሌላ ምሳሌ እንየው። 100 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 16,700 ኪሎጁል፣ ማለትም 4.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህንኑ በአሲቴት ጨው፣ ከ65 እስከ 40 ዲግሪ እየተጠቀሙ ለማኖር 50 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል፤ ቦታው 40 ሊትር ነው። በፓራፊን ከሆነ 67 ኪሎ፤ ሲቀልጥ 85 ሊትር ይይዛል። ይህን ሁሉ ሰም ገዝቶ፣ ቱቦ ዘርግቶ፣ ከውሃው በርሜል 15 ሊትር ብቻ ለማትረፍ መድከም ለቤት ሻወር ትርፍ የለውም። ጣሪያ ላይ ቦታ ላለው ሰው ደህና ሽፋን ያለው የውሃ ታንከር ርካሽ ነው፣ አያረጅበትም፣ ቢፈስም ጉዳት የለውም። ቀልጦ የሚረጋው ቁስ ዋጋው የሚወጣለት ቦታ ሲጠብ፣ ወይም ሙቀቱ ከአንድ ዲግሪ ፈቀቅ እንዳይል ሲፈለግ ነው።

የትኛው ቁስ ለየትኛው ሥራ?

የመጀመሪያው ምርጫ የመቅለጫ ዲግሪው ነው። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ውሃ የተሸከመ ካልሲየም ክሎራይድ 29፤ ሎሪክ አሲድ የሚባለው የዘይት ክፍል 44፤ የአሲቴት ጨው 58፤ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64፤ ስቴሪክ አሲድ 69።

ሙቀት የሚሰጠው ነገር ከመቅለጫው ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት፤ ሙቀቱን የሚቀበለውም በዚያው ያህል ዝቅ ማለት አለበት። አለዚያ ሙቀቱ ይንቀራፈፋል፤ ጊዜው አይበቃም። የጣሪያ ፀሐይ ማሞቂያ በበጋ 68 ዲግሪ ቢሰጥ 58 ላይ የሚቀልጠውን ጨው በደንብ ያቀልጠዋል፤ 69 ላይ የሚቀልጠውን ስቴሪክ አሲድ ግን በጭራሽ። ሐምሌ ላይ ደመናው ከብዶ ማሞቂያው ከ50 ዲግሪ ማለፍ ቢያቅተው፣ ያ 58 ዲግሪ የሚፈልግ ጨው ቀኑን ሙሉ ሳይቀልጥ ይውላል። ያልቀለጠ ቁስ ደግሞ ከተመሳሳይ ክብደት ውሃ ያነሰ ሙቀት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቁስ የሚመረጠው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ደመና ተለክቶ ነው።

ቅቤስ አይሆንም? ይቀልጣል፣ ይረጋል። ችግሩ ቅቤ የብዙ ስብ ድብልቅ መሆኑ ነው፤ አንዱ ክፍል ቀድሞ፣ ሌላው ቆይቶ ይቀልጣል። አንድ ዲግሪ ላይ ቆሞ ሙቀት ከመስጠት ይልቅ ረጅም ክልል ላይ እየላላ ይሄዳል፤ ላይ ታች ሲባልም ይሻግታል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው በአንድ ዲግሪ ቁርጥ ብሎ የሚቀልጥ ነው።

ዲግሪው የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በክትባት ሳጥን ውስጥ ነው። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። የፔንታቫለንት፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የቴታነስ ክትባት አንድ ጊዜ በረዶ ከመታቸው ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ቢሟሙም አይመለስላቸውም። የውሃ አይስ ፓክ ደግሞ ከፍሪዘር ሲወጣ ከዜሮ በታች እስከ 20 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በጤና ኬላ አይስ ፓኩ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውጭ ተቀምጦ፣ ሲነቀነቅ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ የሚጠበቀው። ያ ድምፅ ቴርሞሜትር ነው፤ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፣ ስለዚህ ዜሮ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ከዜሮ አይወጣም።

ከውሃ ይልቅ 5 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ የፓራፊን ዘር፣ ለምሳሌ ቴትራዴኬን፣ በፓኩ ውስጥ ቢሞላ ፓኩ በሚቀልጥበት ሰዓት ሁሉ የሚቆመው ከ2 እስከ 8 ባለው ክልል መሃል ነው። ጥንቃቄ ግን አለው፦ ይህ ፓክ ራሱ ከፍሪዘር በቀጥታ ከወጣ እሱም ከዜሮ በታች ነው። መርጋት ያለበት በፍሪጅ ሙቀት ነው፤ ቀርፋፋ ቢሆንም።

ቀልጦ አልረጋ ቢልስ?

ማቅለጥ ማንም የሚችለው ነው፤ ሙቀት ይሰጡታል፣ ይቀልጣል። ሙያው መልሶ ማርጋት ላይ ነው። የአሲቴት ጨው 58 ዲግሪ ላይ ከቀለጠ በኋላ ሲቀዘቅዝ 58 ላይ መርጋት ነበረበት። ንጹሕ ከሆነና ካልተነካ ግን እስከ 20 ዲግሪ፣ ከዚያም ከዜሮ በታች እንኳ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ዕቁቡ ተጥሏል፣ ዕጣው ግን አይወጣም።

መርጋት መነሻ ስለሚፈልግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅንጣቶች በረድፍ ለመቆም የሚመስሉት አብነት ይፈልጋሉ፤ ልክ ሊጥ ቶሎ ለመነሳት ካለፈው የተረፈ እርሾ እንደሚፈልግ። ለዚህ ጨው እርሾው ትንሽ የራሱ ክሪስታል፣ ወይም ክሪስታሉን የሚመስል ሌላ ጨው ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ኩሽና ይበቃል። አንድ ሊትር 5 በመቶ ነጭ አቼቶ በማይዝግ ብረት ድስት አድርጉ። 70 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ በአንዴ ከተገለበጠ ገንፍሎ ይፈሳል። አረፋው ሲያልቅ እሳት ላይ ጥዳችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ከ100 ሚሊሊትር ጥቂት የሚበልጥ እስኪቀር ድረስ ውሃው እንዲተን አድርጉ። ላዩ ላይ ስስ ቆዳ መሥራት ሲጀምር ደርሷል። ወዲያው በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ክደኑትና የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። ከዚያ በድስቱ ጠርዝ ደርቆ ከቀረው ነጭ ዱቄት ቁንጥር አድርጋችሁ ጣሉበት። ክሪስታሉ ከወደቀበት ቦታ እንደ መርፌ እየተሰነጠረ በሰኮንዶች ውስጥ ብርጭቆውን ይሞላል፤ ቀዝቃዛ የነበረው ብርጭቆም እጅ ላይ ይሞቃል። ከአንድ ሊትር አቼቶ የሚገኘው ጨው 110 ግራም ገደማ ነው።

ካልሠራ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ዱቄቱ ሟሙቶ ከጠፋ ውሃው ገና አልቀነሰም፤ መልሶ መጣድ ነው። ገና ሳይቀዘቅዝ በራሱ ከረጋ ብርጭቆው ላይ ደረቅ ቅንጣት ነበረ። ድስቱ ውስጥ ደርቆ ዱቄት ከሆነ ውሃው ከልክ በላይ ወጥቷል፤ ጥቂት ውሃና ጠብታ አቼቶ ይመልሰዋል።

ሱቅ የሚሸጠው የእጅ ማሞቂያ ከረጢትም ይኸው ነው፤ በውስጡ ያለችው ቀጭን ብረት ቀጭ ስትደረግ መርጋቱን ታስጀምራለች። ለሚቀጥለው ጊዜ ለማዘጋጀት ከረጢቱን በፈላ ውሃ ውስጥ የመጨረሻዋ ክሪስታል እስክትጠፋ ማቆየት ያስፈልጋል። አንዲት ካመለጠች ሲቀዘቅዝ ራሷ እርሾ ሆና ታረጋዋለች።

ለቤት ማሞቂያ ግን ቁሱ በራሱ ሰዓት እንዲረጋ ስለሚፈለግ እርሾው ቀድሞ ይደባለቅበታል፤ ለአሲቴት ጨው ከ1 እስከ 2 በመቶ ዳይሶዲየም ፎስፌት የተለመደ ነው። ከልክ በላይ ከሞቀ እርሾው ራሱ ጠባዩን ለውጦ ሊከሽፍ ይችላል፤ ስለዚህ ማሞቂያው ላይ ከፍተኛውን ዲግሪ የሚገድብ ቴርሞስታት መኖር አለበት። በዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ይህን እምቢተኝነት ወደ ጥቅም ለውጠው ሞክረዋል፦ ጨው በበጋ ቀልጦ ቀዝቅዞ በፈሳሽነቱ ወራት ይቆያል፣ ብርዱ ሲመጣ መርጋቱ እንዲጀምር ይደረጋል። ቀዝቅዞ የተቀመጠ ፈሳሽ ወደ አካባቢው የሚያፈሰው ሙቀት የለውም፤ ድብቁ ሙቀት ግን ተዘግቶ ይጠብቃል።

የዶቨሩ ቤት ለምን ከሸፈ?

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዶቨር በምትባል ከተማ፣ በፀሐይ ብቻ እንዲሞቅ የታሰበ ቤት ተሠራ። ሐሳቡ ቡዳፔስት የተወለደችው ሳይንቲስት የማሪያ ቴልክስ ነው፤ ነዳፊዋ አርክቴክት ኤሌኖር ሬይመንድ፣ ገንዘቡን ያወጣችው አሚሊያ ፒቦዲ ነበሩ። ወደ ደቡብ የዞረው መስታወት ያሞቀው አየር በማራገቢያ እየተነዳ ግላውበር ጨው (ውሃ የተሸከመ ሶዲየም ሰልፌት) ወደታጨቀባቸው ጓዳዎች ይገባል። የጨው ክብደት 21 ቶን ገደማ ነበር። ይህ ጨው 32.4 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በኪሎ 254 ኪሎጁል ስለሚይዝ በወረቀት ላይ ከ1,300 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ማኖር ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት የብርድ ወቅቶች በደህና አለፉ፤ በሦስተኛው ተበላሸ። ግላውበር ጨው ከክብደቱ 44 በመቶ ጨው፣ 56 በመቶ ውሃ ነው። ሲቀልጥ ውሃው ጨውን በሙሉ ማሟሟት አይችልም፤ ከጠቅላላው ክብደት 15 በመቶ ገደማ ደረቅ ጨው ሆኖ ይቀራል። እሱም ከባድ ስለሆነ እንደ ጀበና ቡና አተላ ታች ይዘቅጣል። ሲቀዘቅዝ ታች ውሃ ያጣ ጨው፣ ላይ ጨው ያጣ ውሃ አለ፤ በመሃላቸው የሚረጋው ቅርፊት ሁለቱ እንዳይገናኙ ይጋርዳል። በእያንዳንዱ መቅለጥና መርጋት አተላው ይወፍራል፣ የሚያኖረው ሙቀት ይቀንሳል። የጨው መያዣዎችም እየዛጉ ማፍሰስ ጀምረው ነበር።

ቴልክስ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ቦራክስ ለግላውበር ጨው እርሾ እንደሚሆን ያሳየችው እሷ ናት። ለመዝቀጡ መድኃኒቱ ማወፈር ነው። ቀጭን ሽሮ ውስጥ ዱቄቱ ይዘቅጣል፤ ወፍራም ሽሮ ውስጥ ባለበት ይቆያል። በዛሬው የአሲቴት ጨው ውስጥም ሲ.ኤም.ሲ. የሚባለው፣ በምግብ ፋብሪካ የሚታወቀው ማወፈሪያ፣ በጥቂት መቶኛ ይገባል። ጥቂት ተጨማሪ ውሃ መጨመርም ዝቃጩን ያሟሟል፤ ግን በሚጨመረው ውሃ ልክ ድብቁ ሙቀት ይሳሳል።

ሙቀቱ ለምን ቶሎ አይወጣም?

ሰም ሙቀት አያስተላልፍም ቢባል ያስኬዳል። መዳብ ከፓራፊን 2,000 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። ሲቀልጥ ችግሩ አይጎላም፤ የቀለጠው ፈሳሽ እየተገለባበጠ ሙቀቱን ያዳርሳል። ሲረጋ ግን ተቃራኒ ነው። ቀዝቃዛው የውሃ ቱቦ ላይ መጀመሪያ የሚረጋው ሰም ራሱ ብርድ ልብስ ሆኖ ቱቦውን ይሸፍነዋል፤ ከኋላው ያለው ትኩስ ፈሳሽ በዚያ ልብስ አልፎ መምጣት አለበት። ለዚህ ነው ጠዋት በቶሎ የሞላ ሣጥን ማታ ሻወር ሲከፈት ለብ ያለ ውሃ ብቻ የሚሰጠው።

መጠኑ ሊሰላ ይችላል። የቱቦው ግድግዳ ከመቅለጫው በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ፓራፊን ለመርጋት 12 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። አንድ ሴንቲሜትር 47 ደቂቃ። ሁለት ሴንቲሜትር ከሦስት ሰዓት በላይ። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። በርሜል ሰም ውስጥ አንድ ጥምዝ ቱቦ የከተተ ሰው የሚያገኘው ውጤት ከዚህ ይታወቃል፦ ከቱቦው ርቆ ያለው ሰም ትኩስ እንደሆነ ያድራል፣ ማንም አይጠቀምበትም።

መፍትሔው ማንኛዋም የሰም ጠብታ ከብረት ከግማሽ ሴንቲሜትር እንዳትርቅ ማድረግ ነው። በቱቦዎቹ ላይ አንድ ሴንቲሜትር እየተራራቁ የተደረደሩ የአሉሚኒየም ክንፎች ይህን ያደርጋሉ። ለሙከራ ያረጀ የመኪና ራዲያተር ሰም ውስጥ ቢጠለቅ ክንፎቹ ከበቂ በላይ የተቀራረቡ ናቸው። በውስጡ ያለፈ ውሃ ግን ከቀድሞው ማቀዝቀዣ ፈሳሽና ከብየዳው እርሳስ የተነሳ ለመጠጥም ለምግብም አይሆንም፤ ሙቀቱን ለንጹሕ ውሃ የሚያቀብል ሌላ ጥምዝ ቱቦ ያስፈልጋል።

መያዣው ላይ ምን ይበላሻል?

የረጋ ሰም ያለበትን ሲኒ ተመልከቱ፤ መሃሉ ሰርጎድ ብሏል። ፓራፊን ሲረጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይኮማተራል፤ ሲቀልጥ በዚያው ልክ ይሰፋል። ስለዚህ መያዣው የሚለካው ቁሱ ቀልጦ ሳለ ነው፤ ከላዩም ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚህም በላይ ማሞቂያው ከታች ብቻ ከሆነ አደጋ አለ፦ ከታች የቀለጠው ሲሰፋ ከላይ ያልቀለጠው ክዳን ሆኖበት መውጫ ያጣል፣ መያዣውንም ይተረትራል። የማሞቂያው ቱቦ ከታች እስከ ላይ መድረስ አለበት፤ መቅለጡ ለፈሳሹ መንገድ እየከፈተ እንዲሄድ።

ፓራፊን ብረት አይበላም፤ ግን ፖሊኢትሊን በሆነው ተራ ጀሪካን ውስጥ እየሠረገ ላዩን ያወዛል፣ ፕላስቲኩንም ያላላዋል። እሳትም ይይዛል። ሲቀልጥ ሁልጊዜ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ መሆን የለበትም፤ የተቀጣጠለ ሰም ላይ ውሃ ማፍሰስ ነበልባሉን ይበትነዋል፣ የሚጠፋው በክዳን ነው። ጨዎቹ በበኩላቸው አይነድዱም። ካልሲየም ክሎራይድ ግን ብረትንና አሉሚኒየምን ይበላል። ሁሉም ውሃ የተሸከሙ ጨዎች ደግሞ ክዳናቸው ካልጠበቀ ውሃቸው ይተናል፤ ውሃው ሲጎድል መቅለጫ ዲግሪውም፣ የሚይዙትም ሙቀት ይዛባል።

አሁን የት ላይ ይሠራል?

በስኮትላንድ ሰንአምፕ የተባለ ድርጅት ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ጋር ሆኖ ባበጀው የአሲቴት ጨው የሙቀት ባትሪ ሠርቷል። 58 ዲግሪ ላይ የሚቀልጠው ጨው በሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የቧንቧ ውሃ በመሃሉ አልፎ ሲወጣ ይሞቃል። ውሃው ራሱ ተከማችቶ ስለማይቆይ ሳጥኑ ያንሳል፤ ለንደን ውስጥ በጠባብ አፓርታማ ለሚኖር ቤተሰብ የትልቁን የውሃ ሲሊንደር ቁም ሣጥን ያስለቅቃል።

በ37 ዲግሪ የሚቀልጥ ሰም ደግሞ ለሕክምና ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ኮርስ የተጀመረው ኤምብሬስ የተባለው የጨቅላ ማሞቂያ፣ ጀርባው ላይ የቀለጠ ሰም ከረጢት የያዘ መጠቅለያ ነው፤ ክብደቱ አነስተኛ ሆኖ የተወለደን ሕፃን ያለ መብራት ከአራት ሰዓት በላይ በሰውነት ሙቀት ያቆያል። እዚህ የሚፈለገው ብዛት ሳይሆን ከ37 ፈቀቅ አለማለት ነው። ውሃ ይህን አይችልም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እየበረደ ይሄዳል።

እንጀራ መጋገር ግን ከዚህ ክልል ውጭ ነው። ምጣዱ 200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈልግ ሰምም የአሲቴት ጨውም አያገለግልም። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲና በኖርዌይ ትሮንድሄም ያሉ ተመራማሪዎች የፀሐይ ሙቀትን ለምጣድ ለማኖር የሞከሩት 220 ዲግሪ አካባቢ በሚቀልጥ የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ነው።

ሲገዙ ምን ይጠየቃል?

ሻጭ በኪሎ ስንት ኪሎጁል እንደሚይዝ መናገር ይቀናዋል። መጠየቅ ያለበት ቀጥሎ ያለው ነው፦ ያ ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ዲግሪ ተለክቶ ነው? 40 ዲግሪ ውሃ በደቂቃ ስንት ሊትር፣ ለስንት ደቂቃ ይሰጣል፤ በተለይ ግማሹ ከረጋ በኋላ? ስንት ጊዜ ቀልጦ ረግቶ ተፈትኗል? በየቀኑ አንድ ጊዜ የሚሠራ ዕቃ በአሥር ዓመት 3,650 ጊዜ ይቀልጣል፤ መቶ ጊዜ ብቻ የተፈተነ ጨው ስለ አራተኛው ወር እንኳ ዋስትና አይሰጥም።

ውሃ የተሸከመ ጨው ያለበት ዕቃ በእጅ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ቀላል መመርመሪያ አለው፤ ሚዛን። የታሸገው መያዣ ሲገዛ ተመዝኖ ክብደቱ ላዩ ላይ ይጻፍ፤ በዓመት አንዴ እንደገና ይመዘን። ከ50 ኪሎው አንድ ኪሎ ጎድሎ ከተገኘ የሄደው ውሃ ነው፤ ክዳኑ ይተነፍሳል ማለት ነው። ጉድለቱ ሳይበዛ ክዳኑን አጥብቆ፣ ጨውን በደንብ አቅልጦ፣ የጎደለውን ያህል የተጣራ ውሃ ጨምሮ ማማሰል አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል።